በስንዝር

ሠላሳ አንድ ዓመት በፍሪስላንድ ቦይ ዳር
ሥራዬ ነበረ መክፈት መዝጋት ያንን የብረት በር፤
ከላይኛው ውኃ ወደ ታችኛው ጀልባ ማውረድ፣
መዘውሩን በስንዝር እየገፉ፣ ያለ መፍጠን፣ ያለ መናደድ።
ውኃን በአንዴ የለቀቀ
ገመድ በጠሰ፣ ከግንብ አላተመ፣ ሰው አስጨነቀ።

ከዚያ ጡረታ። ከዚያ አንድ የኅዳር ጠዋት
ክንዴ «አልነሣም» አለኝ፣ ማበጠሪያ እንደያዝኩ፣ ከፊቴ መስታወት።
ትከሻዬ የዛገ ማጠፊያ፣
ዳሌዬ እርጥብ አሸዋ የሞላው ጆንያ።
ሲብረን ተንበርክኮ ካልሲዬን አጠለቀ፤
አርባ ዓመት አብረን ኖረን፣ እግሬን ያን ቀን በደንብ ዐወቀ።

ዶክተር ራምዲን ደሜን አስመርምራ «ብግነት ነው» አለች፤
«አሥራ አምስት ሚሊግራም፣ በየማለዳው፣ ከቁርስ ጋር» ብላ ጻፈች።
ፕሬድኒሶሎን፦ ስሙ ከሠርግ ስብከት ይረዝማል፣
ፍሬው ግን ከምስር ያንሳል።
በሦስተኛው ቀን ተነሣሁ፤
እንደ ጻድቅ አይደለም፣ እንደ ጎረምሳ፤ የቁም ሣጥኑን አናት ነካሁ።

ግን ወለድ የሌለው ብድር የት አለ? ፊቴ እንደ ጨረቃ ሞላ፤
የሲብረንን አይብ በእኩለ ሌሊት ቆሜ ስበላ፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መስኮት ስወለውል፣
የጎረቤት ውሻ ሳይቀር «ይህቺን ሴት ምን ነካት» ሲል።

«አሁን እንቀንሳለን» አለች ሐኪሟ፣ «በወር አንድ፣ ኋላም ግማሽ።
ከኩላሊትሽ በላይ ሁለት ዕጢዎች አሉ፤ ሥራቸውን ክኒኑ ሲሠራላቸው
እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ ልንገርሽ።
ቀስቅሺያቸው በረጋ እጅ፤
ብርድ ልብሱን በድንገት መግፈፍ አይበጅ።»

ሲብረን በግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ በእርሳስ ጻፈ፦
ዘጠኝ በጥር፣ ስምንት በየካቲት፣ ሰባት በመጋቢት። እንዲህ እንዲህ ክረምቱ አለፈ።

ከዚያ የእኅቴ ልጅ የዪልዱ ሠርግ ደረሰ፤
ፎቶ አለ፤ የድሮ ፊቴ ግን ገና አልተመለሰ።
ማንም ሳያየኝ ከሰባት ወደ ሦስት ዘለልኩ።
በሠርጉ ቀን ብርጭቆ ማንሣት እንኳ አልቻልኩ፤
ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ እንደ ጭቃ የሚከብድ ድካም፤
ሙሽራዋ ደገፈችኝ እንጂ አልሳመችኝም።

ማታ ሲብረን የክኒኑን ሣጥን ከፈተ፤ አንድ በአንድ ቆጠረ።
«እዚህ ተርፏል» አለኝ፤ «አንቺ ላይ ጎድሏል።»
ሌላ ቃል አልተናገረ።

ለስንት ሺህ ጀልባ የሰጠሁትን ትዕግሥት
ለገዛ ገላዬ ሰሰትኩት።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ወደ ሰባት ተኩል መለሰችኝ፤
«ቁልቁለትም ማረፊያ አለው» ብላ አዲስ ሰንጠረዥ ሰጠችኝ።
ስድስት ላይ ሳለሁ ዳክዬዎቹ ጫጩት አወጡ፤
አምስት ላይ በጋው አለቀ፤ አራት ላይ የአልጋ ከፋዮቹ ጀልባዎች ወደ ደቡብ አመለጡ።
አራት ላይ ሁለት ወር ቆየሁ። ትከሻዬ አጉረመረመ፤
ደወልኩ፤ «አትውረጂ፣ ቁሚ» አለችኝ። ቆምኩ። ቆየና ታመመ፣ ቆየና ዝም አለ፤ ሕመሙ ራሱ ደከመ።

አሁን ሁለት ተኩል ላይ ነኝ። መቁረጫዋ ስለት ትንሽ ናት፤
ግማሹ ፍሬ ተፈናጥሮ ከምድጃው ሥር የገባ ዕለት
በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈለግሁት፤
መንበርከክ እንደቻልኩ ያወቅሁት ካገኘሁት በኋላ ነው።
በቦርሳዬ ካርድ አለ፦ «ብወድቅ፣ በጽኑ ብታመም፣ ክኒኔን አታቋርጡብኝ።»

አንዳንድ ጠዋት ይጠዘጥዘኛል። በሽታው ነው? እርጅና?
ወይስ ዕጢዎቹ ሲያዛጉ? አላውቅም ገና።
ሰማያዊውን ኩባያ ከላይኛው መደርደሪያ አወርዳለሁ፤
ከወረደ፣ ዛሬ ደህና ነኝ እላለሁ።

ትናንት ወደ ቦዩ ሄድኩ። በሩን አሁን የሚከፍተው
አንድ ልጅ ነው፣ ከሩቅ ከተማ፣ በካሜራ፤
የኔን መዘውር ቀይ ቀለም ቀብተው ለጎብኚ ትተውታል።
አንድ ጀልባ ገባ። ውኃው ጎደለ፣ በጣት፣ በጣት።
መርከበኛው ሰዓቱን ያያል፤
እኔ ገመዱን።